«የጾም ነው» ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት የጤና ገጻችሁ ላይ ስለ ስኳር በሽታ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ በተለይ ስለ እግር ቁስልና ስለ ዓይን ምርመራ የጻፋችሁትን ብዙ ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። ግን መጨረሻ ላይ የስኳር ሕመምተኛ ጣፋጭ የሚባል ነገር ሙሉ በሙሉ ይተው ብላችሁ በአንድ መስመር ዘጋችሁት፣ እሺ ብዬ ገጹን ስገልጥ ደሞ ምን ባይ ጥሩ ነው፣ ግማሽ ገጽ የኬክ ማስታወቂያ፣ «ጤናማ የጾም ኬክ» ይላል። አንደኛው ገጽ ከሚገባው በላይ ይከለክላል፣ ቀጣዩ ገጽ ከሚገባው በላይ ይፈቅዳል፣ መሃል ያለነውስ ምን እንብላ? እዚህ ላይ የምለው ስላለኝ ነው የጻፍኩት፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ስኳር ያለበት ሰው ቤት ውስጥ የምታበስል ሰው ነኝ።

እማዬ ዓይነት 2 ስኳር ካለባት ቆይቷል፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ሁዳዴን ግን አትለቅም። ሐኪሟም የንስሐ አባቷም «ታማሚ ነሽ፣ ይቅርብሽ» ብለዋት ነበር፣ ቤተክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደምትፈቅድ እሷም ከኔ በላይ ታውቃለች፣ በስንት ክርክር የተስማማነው ሰዓቱን እንድትተው ነው፣ ማለቴ ቁርሷን በጊዜ ትበላለች መድኃኒቷንም በሰዓቱ ትወስዳለች፣ ምግቡን ግን 55ቱንም ቀን ወተት የለ ቅቤ የለ እንቁላል የለ። ረቡዕና ዓርብም እንደዛው፣ ፍልሰታም እንደዛው። ስለዚህ እኛ ቤት ጣፋጭ ሲታሰብ ከአንድ ወገን ስኳሩን መቀነስ አለብን ከሌላ ወገን የጾም መሆን አለበት፣ እና እመኑኝ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ገበያ ላይ የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

«ታዲያ ጣፋጭ ለምን አስፈለገ፣ ብትተወው አትሞት» የሚል አይጠፋም። በአፍ ቀላል ነው። የኛ ኑሮ ግን ልደት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ምርቃት አለ፣ እሁድ እሁድ ቡና አለ፣ ሁሉም ላይ ጣፋጭ ነገር ይመጣል። እማዬ ቁጭ ብላ ሳህኑ በፊቷ ያልፋል፣ አንዷ ጮክ ብላ «ለሷ እንዳትሰጧት ስኳር አለባት» ትላለች፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያያታል። ትንሽ ቆይቶ ደሞ ያቺው ሴትዮ ቁራሽ ኬክ ይዛ መጥታ «በሞቴ ይቺን ብቻ፣ ምንም አትልሽም» ብላ ልታጎርሳት ትሞክራለች። ሁለቱም ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን በሁለቱም እማዬ የራሷን ነገር ራሷ እንድትወስን አልተደረገም። ሙሉ በሙሉ የተከለከለ ሰው ደሞ ምን እንደሚያደርግ ስኳር ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ታውቁታላችሁ፣ ተደብቆ ይበላል። ቁምሳጥን ውስጥ ከነጠላ ስር ብስኩት ያገኘ ሰው እኔ ብቻ አይመስለኝም።

ወደ «ጤናማ የጾም ኬክ» ልምጣ። አንድ ኬክ ቤት ገብቼ (ስሙን ተዉት፣ ሁሉም ጋ ያው ነው) ስኳር ያነሰው ኬክ አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ አስተናጋጁ ምን አለኝ፣ «የጾም አለ፣ እሱ ቀለል ያለ ነው» አለኝ። ከምኑ ነው የቀለለው? ከጾም ኬክ ላይ የሚወጣው እንቁላሉ፣ ወተቱና ቅቤው ነው። ስኳሩ እዛው አለ። እንደውም እንቁላልና ወተት ሲወጣ ጣዕሙ እንዳይጎድል ብለው ስኳሩን ጨመር የሚያደርጉ አሉ፣ በቅቤው ቦታ ደሞ ማርጋሪን ወይ የሚረጋ ዘይት ይገባል፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት ከስቡ ግማሹ ገደማ ለልብ የማይመከረው ዓይነት ስብ ነው። ከላይ የሚቀባው የጾም ክሬምም ብዙ ጊዜ የአትክልት ስብና ስኳር ነው። ለጾም ይሆናል፣ አዎ። ለስኳር ታማሚ ግን ከፍስኩ የሚሻልበት ነገር የለውም፣ እና «ጤናማ» ብሎ ጋዜጣ ላይ ማውጣት እማዬን የመሰሉ ሰዎችን ማሳሳት ነው። ማስታወቂያው ገንዘብ እንደሚያስገባላችሁ ይገባኛል፣ ግን ቢያንስ ከጤና ገጹ ጀርባ አታድርጉት በናታችሁ።

ሁለተኛው ማር ነው። «ማር ምንም አይልም፣ ተፈጥሮ ነው፣ መድኃኒት ነው» የሚለው ነገር ሥር ሰዷል፣ አገራችን ማር የሞላባት ስለሆነች ይመስለኛል ሰው ማርን ከስኳር ጋር መቁጠር ይከብደዋል። ማር ከክብደቱ 80 ፐርሰንት ገደማው ስኳር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። እንደውም ከባድ ስለሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከዛ ውስጥ 17 ግራሙ ስኳር ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ግን 12 ግራም ተኩል ገደማ ነው። በማንኪያ ከቆጠርን ማሩ ይበልጣል ማለት ነው! ነጭ ማር ይሁን ቀይ ማር ለዚህ ለውጥ የለውም። ጣዕሙ ጠንካራ ስለሆነ ትንሹ ይበቃል የሚለው እውነት ነው፣ ትንሽ ከሆነ ማለት ነው እንግዲህ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ላይ ማርም፣ ሽሮፕም፣ የተጨመቀ ጁስም ከሚቀነሰው ስኳር ጋር ነው የሚቆጠሩት፣ ልኩም በቀን ከምንበላው ጉልበት ከ10 ፐርሰንት በታች፣ ቢቻል ከ5 በታች ነው፣ 5ቱ ለአዋቂ ሰው 25 ግራም፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ይሄ ለጤነኛውም ነው። እኛ አገር ቡና ላይ ብቻ ስንቱ ሰው ጠዋት ይጨርሰዋል።

አሁን እኛ ቤት ምን እንደምናደርግ ልንገራችሁ። የምንወደው የጤፍ ኬክ ነው። 300 ግራም የጤፍ ዱቄት (ቀይ ጤፍ ከሆነ ጣዕሙ ይበልጣል፣ ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል)፣ በደንብ የበሰሉ ቆዳቸው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ሦስት ሙዝ፣ ሩብ ኩባያ ፈሳሽ ዘይት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቀረፋ፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ ከላይ የተከተፈ ለውዝ። ስኳር የለም፣ ማር የለም። በእንቁላሉ ቦታ የሚገባው ተልባ ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ለአንድ እንቁላል ይሆናል፣ ለዚህ ኬክ ሁለት እናደርጋለን። ለመጠጥ እንደሚደረገው እንዳታጠልሉት፣ ከነገለባው ነው የሚፈለገው። ውሃው ሲገባበት መጀመሪያ ምንም አይመስልም፣ አሥር ደቂቃ ስትተዉት በማንኪያ ስታነሱት የሚሳብ፣ ልክ የእንቁላል ነጭ ይመስል ወፍራም የሚያዳልጥ ነገር ይሆናል። ጤፍ ግሉተን (የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘው ነገር) ስለሌለው ያለዚህ ነገር ኬኩ አይያያዝም፣ ቢላ ሲነካው ፍርፍር ይላል። በወተቱ ቦታ ሱፍ ነው፣ ሱፉን ቀቅለን ፈጭተን በውሃ አሽተን ስናጠልለው የሚወጣው ነጩ ነገር፣ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ይበቃል። ሁሉም ከተደባለቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተዉት፣ የጤፍ ዱቄት ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፣ ወዲያው ከተጋገረ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከዛ 180 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ አካባቢ። ኦቨን የሌለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ኮባ አንጥፎ እንደ ድፎ ሊጋግረው ይችላል፣ የኮባው ሽታ ሲጨመርበት እንደውም እማዬ እሱን ነው የምትመርጠው። መልኩ ከኬክ ቤቱ ጋር አይወዳደርም፣ ስኳር እኮ ኬክን ማጣፈጥ ብቻ ሳይሆን ቡናማ መልክ የሚሰጠውና እርጥበቱን የሚይዝለትም እሱ ነው፣ ስለዚህ ያለ ስኳር የተጋገረ ኬክ ቶሎ ይደርቃል፣ በሁለት ቀን ካልተበላ ቆርጦ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ነው።

እዚህ ጋ ግን ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ቲክቶክ ላይ ያሉት የ«ስኳር አልባ ኬክ» ሰዎች የሚዘሉት ይሄን ነው። ስኳር አልገባበትም ማለት ስኳር ከፍ አያደርግም ማለት አይደለም። ዱቄቱም ሙዙም ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደ ስኳር ነው የሚለወጠው። ያንን ኬክ 12 ቦታ ብትቆርጡት አንዱ ቁራጭ 25 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ይሄ ቁጥር ለስኳር ታማሚ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም አንድ ቁራጭ የበላ ቀን እንጀራውን በዛው ልክ ይቀንሳል። እማዬ ኬኳን የምትበላው ከምሳ ጋር ነው፣ ሽሮውንና ጎመኑን ካስቀደመች በኋላ፣ ባዶ ሆዷን በጭራሽ። ከበላች ከሁለት ሰዓት በኋላ በመለኪያው እናየዋለን፣ ሐኪሟ ከ180 በታች ይሁን ብሏታል፣ በአንድ ቁራጭ ብዙ ጊዜ እዛው ውስጥ ትቆያለች፣ በሁለት ቁራጭ ግን አትቆይም፣ ይሄንን ራሷ በዓይኗ ስላየችው ማንም ሳይነግራት ሁለተኛውን አታነሳም። መለኪያው ውስጥ የሚገባው ስትሪፕ ውድ ነው፣ በየቀኑ መለካት ለብዙ ሰው አይቻልም፣ ግን አዲስ ነገር ሲሞከር የመጀመሪያ ቀን መለካት ብዙ ክርክር ያስቀራል። የሌላ ሰው ቁጥር ደሞ ለናንተ አይሠራም፣ መድኃኒቱም አካሉም ይለያያል።

መብራት ሲጠፋ (መቼ እንደሚጠፋ ማን ያውቃል) በሶ አለ። በሶውን በለውዝ ቅቤ፣ በጣም በደቀቀ ሦስት አራት ተምር፣ በቀረፋ እያሹ ትንንሽ ድቡልቡል ማድረግ ነው፣ ጭኮን ያስታውሳል፣ እሳት አያስፈልገውም። ገብስ ጥሩ ፋይበር አለው። ተምሩን ግን ቆጥራችሁ፣ ደረቅ ተምር ከግማሹ በላይ ስኳር ነው፣ ረመዳን ላይ ጎረቤታችን ሙሉ ሳህን ስትልክልን እማዬ ሁለት ፍሬ ወስዳ ሌላውን ለልጆቹ የምታሳልፈው ለዚህ ነው። አቮካዶም አለ። ሰው አቮካዶን የሚያውቀው በጁስ ቤት ብርጭቆ ነው፣ እዛ ደሞ ከታች ስኳር ከላይ ሽሮፕ አለበት፣ አቮካዶው ራሱ ግን ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ለስላሳውን አቮካዶ ከሁለት ማንኪያ ካካዎና ከአንድ ሙዝ ግማሽ ጋር በሹካ ደፍጥጣችሁ ቀዝቀዝ ስታደርጉት ክሬም ይሆናል፣ ልጆቹ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው ብለው ፊታቸውን አጣመው ነበር፣ አሁን ይሻሙበታል። ስለ ስፕሪስ አንድ ነገር ብቻ፣ ፍሬውን መብላትና ጁሱን መጠጣት አንድ አይደለም፣ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ስንት ፍሬ እንደሚገባ ጁስ ቤት ቆማችሁ እዩት።

ሱፐርማርኬት ያለው ስቴቪያስ (ስኳር ሳይሆን የሚያጣፍጠው) ትሉኝ ይሆናል። ውድ ነው፣ አንዳንዱም ምላስ ላይ የመረረ ነገር ይተዋል፣ ግን ለሻይ የሚወደው ይጠቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደት ለመቀነስ ብሎ እነዚህን ማጣፈጫዎች መጠቀም አይመከርም ሲል ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር፣ ምክሩ ግን ስኳር በሽታ ቀድሞ ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም ተብሎ እዛው ላይ ተጽፏል። አስፓርቴም የሚባለው ማጣፈጫ ያለበትን ደሞ ኬክ ውስጥ አትክተቱ፣ ሲጋገር ጣፋጭነቱ ይጠፋል፣ ገንዘባችሁን ነው የምታቃጥሉት። እኛ ቤት የሠራው ቀስ በቀስ መቀነስ ነው፣ ምላስ ይለምዳል፣ አሁን እማዬ የሰው ቤት ኬክ ስትቀምስ «ይሄ እኮ ስኳር ነው በቃ» ትላለች።

አንድ ነገር በደንብ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፣ በተለይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚጾሙበት ቀን፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ሲመጣ ይሄ የምላችሁ የጤፍ ኬክ አያድንም። ተልባውና ዘይቱ ቀስ እያለ እንዲፈጭ ያደርገዋል፣ በደህናው ጊዜ የምንፈልገው ያንን ነበር፣ ያን ሰዓት ግን ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው መስጠት ነው፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ደሞ ምንም አይገባም፣ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቤት ስኳር ሙሉ በሙሉ መጥፋት የለበትም የምለው ለዚህም ነው።

ለግሉተን ሕመምተኞችም ጤፍ ጥሩ ነው ይባላል፣ ትክክል ነው፣ ብቻ ወፍጮ ቤቱ ስንዴ ፈጭቶ ሲያበቃ የናንተን ጤፍ እዛው ላይ ከለቀቀው ያው ስንዴ በላችሁ ማለት ነው። ጎረቤቴ ለልጇ ስትል ጤፉን የምታስፈጨው ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ቦታ ፈልጋ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የላትም።

ከናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የጾም ምግብ አሠራር ስታወጡ «በመጠኑ»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን ተዉልንና በግራም ጻፉት፣ ስንት ሰው እንደሚያበላና አንዱ ድርሻ ስንት ካርቦሃይድሬት እንዳለው ጨምሩበት፣ አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ የሚሠራው ነው። ኬክ ቤቶቹም ማሳያው ላይ ዋጋውን እንደሚጽፉ ስኳሩን ቢጽፉልን ምናለበት፣ እናንተ ብትጠይቋቸው ይሰማሉ፣ እኔ ብጠይቅ አስተናጋጁ የጾም አለ ነው የሚለኝ። እና «ጤናማ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ከምን አንጻር ነው ብላችሁ ጠይቁ።

የጤፍ ኬኩን አላመንኩም የሚል ካለ ጋግሬ ቢሯችሁ ድረስ አመጣለሁ፣ የጾም ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም ይሆናል፣ ብቻ ስንት እንደሆናችሁ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ለአንድ ሰው አንድ ቁራጭ ነው የምሰጠው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ